ሰኔ ላይ የመጣ ብር፦ የአንድ ትምህርት ቤት የክረምት ጥገና ማስታወሻ

ሰኔ 10፣ 2017

ብሩ መጣ። 420,000 ብር፣ ለጥገና ብቻ። ርዕሰ መምህርቷ ትናንት ማታ ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ደስ የሚልም የሚያስጨንቅም ነገር አለ» አሉኝ። ደስ የሚለው ብሩ ነው። የሚያስጨንቀው ቀኑ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ነው። ፋይናንስ ደግሞ ሒሳብ ለመዝጋት ጊዜ ስለሚፈልግ የክፍያ ሰነድ እስከ ሰኔ 25 ይግባ ብሏል። 15 ቀን አለን።

ትምህርት ቤቱ አቃቂ ቃሊቲ ነው፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው በኩል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። እኔ የብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። ልጄ እዚያው 5ኛ ክፍል ነች። ዘንድሮ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) የጥገና ኮሚቴ ውስጥ አስገብቶኛል። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ሌላ ትምህርት ቤት ያለ ኮሚቴ ይጠቀምበታል ብዬ ነው። ዋጋውንም ስህተቱንም እንዳለ እጽፋለሁ።

ሰኔ 11

ብሎክ 3 ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አራት ክፍል አለው፤ 9፣ 10፣ 11 እና 12። እያንዳንዱ 7 በ8 ሜትር ነው። 9 እና 10 ከሚያዝያ ጀምሮ አይገባባቸውም። የችፑድ ኮርኒሱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ አንዱ ቁራጭ ወድቋል። ደግነቱ ቅዳሜ ነበር።

የሁለቱ ክፍል ልጆች ሌሎቹ ክፍሎች ላይ ተደልድለዋል። ልጄ ያለችበት ክፍል 62 ደርሷል። የአንደኛ ደረጃ መስፈርቱ 50 ነው። በነገራችን ላይ ቁጥሩ የጨመረው በጣሪያው ብቻ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ምገባውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ከሸፈነ ወዲህ ልጆቻቸውን ከግል ወደ መንግሥት ያዞሩ ብዙ ወላጆች አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ልጄ እዚያ በልታ ትማራለች። የምትማርበት ክፍል ግን ያፈሳል።

ጣሪያው ላይ ያየሁት ይሄ ነው። ቆርቆሮው 32 ጌጅ ነው፤ ስስ። ሚስማሩ የተመታው ጎድጓዳው ላይ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ ጉብታው ላይ ነው መሆን ያለበት፤ ውሃው የሚሄደው በጎድጓዳው ስለሆነ። ጎማ የለውም። ነፋስ ያላላው ሚስማር ቀዳዳውን አስፍቶታል። በዚያ የገባው ውሃ ማገሩን አበስብሶታል። ማገሩን በጣቴ ስጫነው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባ። ከአምስቱ ወራጅ ሁለቱ ጫፋቸው ሄዷል።

11 እና 12 ለጊዜው ደህና ናቸው።

ሰኔ 13

ዛሬ ጣሪያ ሳይሆን ፋይል ነው ያየሁት። ርዕሰ መምህርቷ «ከኔ በፊት የተጠየቀ ነገር ካለ እንይ» ብለው የድሮ ደብዳቤዎች አወጡ። የካቲት 2013 የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ተገኘ። የሚጠይቀው ብሎክ 3 ላይ 14 ቆርቆሮና 5 ኪሎ ሚስማር ነው። ከዚያ ውጭ ምንም የለውም። ግርጌው ላይ በእስክሪብቶ «ካፒታል በጀት ሲያዝ የሚታይ ይሆናል» ተብሎ ተመርቶበታል።

14 ቆርቆሮ። በዚያን ጊዜ ዋጋ አንድ አናጺ በሁለት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ያ ውሃ ማገሩን በላ፣ ኮርኒሱን ጣለ፣ ሊሾውን ፈነቀለ፣ ዴስኮቹን አዛገ። ደብዳቤውን ሳነብ ተናድጄ ነበር። የመራው ሰው ክፋት ኖሮበት አይመስለኝም። እጁ ላይ የነበረው ሁለት ዓይነት ብር ነው። አዲስ ብሎክ ለመሥራት ካፒታል በጀት አለ። ጠመኔና ወረቀት ለመግዛት ሥራ ማስኬጃ አለ። መሃል ላይ ያለው፣ አንድ ሚስማር ሲነቀል ሌላ የሚመታበት ብር፣ ስም የለውም። ከ2001 ጀምሮ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የሚመጣ ስኩል ግራንት የሚባል ድጎማ አለ። እሱም የሚቀድመው ለመማር ማስተማሩ ሥራ ነው፤ ጣሪያ ላይ አይደርስም።

በ2011 ክረምት የከተማው መንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲታደሱ የኛም ተቀብቶ ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር፤ የፊት ግድግዳው ዛሬም ያምራል። ያኔ ጣሪያው አያፈስም ነበር። እድሳት ከተደረገ በኋላ በየዓመቱ ወጥቶ የሚያይ ሰው ግን አልተመደበም።

ሰኔ 16

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ክርክሩ በቀለም ነው። ከኮሚቴው ግማሹ «ብሩ ሊጠፋ ነው፤ ግቢውን ሙሉ እንቀባው፤ የሚታይ ነገር ይሁን» አሉ። ርዕሰ መምህርቷም ጭንቀት አለባቸው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ግቢ ነው። ትምህርት ቤት የሚመዘነው በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ነው፤ ግቢና ሕንፃ ግብዓቱ ውስጥ ነው የሚገባው።

እኔ አንድ የበሰበሰ ማገር ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ብዙም አልተናገርኩም። አንዲት እናት አነሱት፤ እጃቸው ላይ ፈረሰ። «ይሄ ልጆቼ ላይ ነው የነበረው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው ቀላል ሆነ። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ አሸንዳ፣ ሽንት ቤት፣ ዴስክ። ቀለም በመጨረሻ፣ ለተጠገነው ብቻ።

ሌላው ውሳኔ፦ በዚህ ቀን ውስጥ ሥራ መጨረስ አይቻልም፤ ዕቃ መግዛት ግን ይቻላል። ስለዚህ 420,000ው ሙሉ በሙሉ ዕቃ ይሆናል። የእጅ ዋጋ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ 60,000 ብርና ከወላጅ መዋጮ ይከፈላል።

ሰኔ 24

ሰነዱ ገባ። በአንድ ቀን ልዩነት።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። መርካቶ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። አስቸጋሪው ፕሮፎርማው የሚያረጅበት ፍጥነት ነው። ሰኞ የተሰጠኝ የቆርቆሮ ዋጋ ሐሙስ ላይ «እሱ አልቋል፣ አዲሱ እንዲህ ነው» ይባላል። እንደገና ከዜሮ።

የተገዛው፦ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 90፣ አንዱ 1,350 ብር፣ ድምር 121,500። ጌጁ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ይህን ለኮሚቴው ማስረዳት ነበረብኝ፤ «32 ይበልጣል፣ ለምን 28 ትገዛለህ» ያለኝ ሰው ነበር። ሞራሌና ባህር ዛፍ 38,000። ጎማ ያለው ሚስማር፣ የጣሪያ ጫፍ ክዳንና አሸንዳ 46,500። ሲሚንቶ 40 ኩንታል በ1,400፣ 56,000። አሸዋና ጠጠር 42,000። ቀለም 64,000። ቱቦላሬ፣ ኤሌክትሮድና መቀርቀሪያ 29,000። ቧንቧና ዕቃዎቹ 22,400። ጠቅላላ 419,400። የተረፈው 600 ብር ተመላሽ ሆነ።

ዕቃው ሁሉ በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ መጋዘን ገብቷል። መጋዘን ማለት የድሮው ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሐምሌ 6

ጣሪያ ማፍረስ ጀመርን። ሐምሌ ላይ ጣሪያ መክፈት ማንም የእጅ ባለሙያ የሚመክረው ነገር አይደለም። የካቲት ላይ ቢሆን በደረቅ በአራት ቀን ያልቅ ነበር። ግን ብሩ የመጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ልጆቹ የሚወጡትም ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለት አናጺ በቀን 1,300፣ ሦስት የቀን ሠራተኛ በ600። በቀን 4,400 ብር። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው የምንሠራው። ከዚያ መሸፈን አለበት። ሸራ ለመግዛት ብር አልነበረንም። የሰፈሩ እድር ድንኳኑን አዋሰን፤ «ሰው ከሞተ ግን ወዲያው ትመልሳላችሁ» በሚል ውል።

ሐምሌ 9

የራሴ ስህተት ዛሬ ወጣ።

ቆርቆሮ የቆጠርኩት በስፋት ነው። የጣሪያው ርዝመት 16 ሜትር፣ አንዱ ጎን ከላይ እስከ ታች 4 ሜትር ከ80። ሁለቱ ጎን 153.6 ካሬ። አንድ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ፣ 1.8 ካሬ። ሳካፍለው 86 ገደማ መጣ፤ 90 ገዛሁ። በርና መስኮት ስሠራ እንዲህ ነው የማሰላው። ጣሪያ ላይ ግን ቆርቆሮ ይደራረባል። በጎን 10 ሳንቲ ይበላል። ወደ ላይ 20 ሳንቲ ይበላል። ስለዚህ በርዝመቱ 20 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ቆርቆሮ፣ ሁለት ጎን፦ 120። ሠላሳ ጎደለን። ብሩ አልቋል፣ ዓመቱም ተዘግቷል።

አናጺው ናቸው መላ ያመጡት። ሁለቱ የታች ረድፎች ሙሉ ቆርቆሮ ይፈልጋሉ፤ 80። የላይኛው ረድፍ የሚፈልገው 1 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። የቀሩትን 10 አዲስ ቆርቆሮዎች ለዚያ ቆረጥን። 30ውን ካፈረስነው አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ዝገት ካልነካው መርጠን ቆረጥን። አሮጌው ለምን ላይ? ላይ የሚያልፈው ውሃ ትንሽ ነው፤ ወደ ታች በሄድክ ቁጥር ውሃው ይበዛል። የድሮ ሚስማር ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ደፈንን።

ጣሪያ ለምታሰሉ፦ በካሬ አትቁጠሩ። በመስመር ቁጠሩ።

ሐምሌ 12

ሰፈር ውስጥ አንድ አባት አረፉ። ድንኳኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደ። ሠራተኞቹም ለቀብር ሄዱ፤ እኔም ሄድኩ። ክፍል 10 ግማሹ ክፍት ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። የጥበቃው አባባ ብቻቸውን ያገኙትን ላስቲክ ሁሉ አውጥተው ዴስኮቹን ሸፍነዋል። ማታ ስመለስ በስብሰው ቆመዋል። «አባባ፣ ለምን እንዲህ ይሆናሉ፣ ብርድ ይመታዎታል» አልኳቸው። «የልጆች ወንበር አይደል እንዴ» አሉኝ።

የጠፋው ትንሽ ነው፤ አንድ ቀን ሥራና የቀረው ሊሾ።

ሐምሌ 17

ጣሪያው ተዘጋ። በጠቅላላው 9 የሥራ ቀን፣ 39,600 ብር የእጅ።

ማታውኑ ከባድ ዝናብ መጣ። ባትሪ ይዤ ክፍል 9 ገብቼ ቆምኩ። ታች ያለው አዲሱ አንድ ጠብታ የለውም። ላይ ከአሮጌዎቹ ስምንት ቦታ ያንጠባጥባል። ሲሊኮኑ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ስለተደረገ አልያዘም። ይህን አውቅ ነበር፤ ቸኩለን ነው። ስምንቱን በጠመኔ ምልክት አደረግኩባቸው። የወላጅ መዋጮ ሲሰበሰብ 8 አዲስ ቆርቆሮ በ1,420 ገዝተን እንቀይራቸዋለን። የቀሩት 22 አሮጌዎች ይዘዋል። እስከ መቼ እንደሚይዙ እንጃ፤ በየወሩ መታየት አለባቸው።

ሐምሌ 20

ሲሚንቶው። የኔ ቸልተኝነት ነው ብዬ እወስደዋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። 80 ከረጢት መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ፣ ግድግዳ አስደግፈን ነበር የከመርነው። ከስር እንጨት አላነጠፍንም። ክረምት ነው፤ ወለሉ እርጥበት ይስባል። 11 ከረጢት ድንጋይ ሆኗል። ሰባብረን ለመሙያ ተጠቀምንበት፤ ለልስን ግን አይሆንም። ለመተካት 7,920 ብር ከመዋጮ ወጣ።

ሰኔ ላይ ገዝተህ ሐምሌና ነሐሴ የምትሠራ ከሆነ መጋዘኑ የሥራው አካል ነው። ከመሬት 15 ሳንቲ ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ፣ ከላይ ላስቲክ። ቀድሞ የመጣው ይቀድም።

ሐምሌ 27

ግድግዳ። የክፍል 9 የጀርባ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ ሰያፍ ስንጥቅ አለው። ጣት ይገባል። ልስኑ ላይ ሦስት ጊዜ እንደተደፈነ ይታያል፤ ሦስት ዓይነት ቀለም ሲሚንቶ አለ።

አካባቢያችን ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ቤቱን በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ስንጥቁን መድፈን ምንም አይሠራም፤ በሚቀጥለው በጋ ይከፈታል። መፍትሔው አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው። ያለ አሸንዳ የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው መሠረቱ ላይ ነበር የሚወርደው። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ደግሞ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ፤ በበጋ ያለችውን እርጥበት ይመጠዋል። በክረምት ከላይ ይጠጣል፣ በበጋ ከስር ይደርቃል።

ያደረግነው፦ ባህር ዛፉን አስቆረጥን (እንጨቱ ለምገባ ማዕድ ቤቱ ሄደ)። ግድግዳውን ተከትለን 80 ሳንቲ ስፋት ያለው ሊሾ ከጠጠር መሠረት ጋር አፈሰስን፤ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ። ከሊሾው ቀጥሎ ቦይ ቆፈርን። ስንጥቁን ከፍተን ሽቦ አስረንበት ለሰንነው። ግንበኞቹ ሁለት ወላጆች ናቸው። ግማሹን ቀን በነፃ ሠሩ፣ ግማሹን ከፈልናቸው። 17,500 ብር ከውስጥ ገቢ።

ስንጥቁ ላይ አንዲት ቀጭን የጂፕሰም ማኅተም አደረግኩባት፤ ቀኑን ጻፍኩባት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ እሷ ትሰነጠቃለች። በጋው ይንገረን።

ነሐሴ 5

አሸንዳ ገጠምን። መጀመሪያ በዓይን ገጠምነው፤ ቀጥ ያለ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ መሃሉ ላይ ሞልቶ እዚያው ግድግዳ ላይ ፈሰሰ። አወረድነው። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልተን በውሃ ልክ ለካን፤ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ዝቅ። አሁን ይሄዳል።

ግቢው ውስጥ 5,000 ሊትር ሮቶ ቆሟል፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የጀርባውን አሸንዳ ከሮቶው ጋር አገናኘነው። የጀርባው ጎን ከላይ ሲታይ 69 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 690 ሊትር፤ የሚባክነው ተቀንሶ 550 ቢገባ ጥሩ ነው። በአንድ ሳምንት ሮቶው ሞላ። ለመጠጥ አይደለም። ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት ነው። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚይዝ ወደ ሮቶው ከመግባቱ በፊት የሚቀርበት ቁም ፒቪሲ አድርገንለታል፤ ከታች ቡሽ አለው፣ ከዝናብ በኋላ ይከፈታል። የሚከፍተው ሰው ተመድቧል። ካልተመደበ ይረሳል።

ነሐሴ 11

ዴስክ። ይሄ የኔ ሙያ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። 58 የተሰበረ ኮምባይንድ ዴስክ ከብሎክ 1 ጀርባ ተከምሮ ነበር። ብየዳ ማሽኔን አመጣሁ።

ሁሉም የተሰበሩት አንድ ቦታ ነው፦ እግሩ ከመሬት ወደ ላይ አራት ጣት ያህል። ምክንያቱን ለማየት አንዱን በግራይንደር ሰነጠቅኩት። የቱቦላሬው ታች ክፍት ነው። ወለሉ ሲታጠብ ውሃ በስር ይገባል፣ አይወጣም፣ ከውስጥ ያዝገዋል። ውጩ ቀለም አለው፤ ውስጡ ወረቀት ሆኗል። እንዲሁ ብትበይደው በዓመቱ ይሰበራል። ስለዚህ የዛገውን ቆርጦ መጣል፣ አዲስ ቱቦላሬ መቀጠል፣ ታቹን በትንሽ ላሜራ መድፈን፣ ከዚያ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)።

51 ዴስክ ዳነ። 7ቱ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆኑ። በአንዱ የወጣው ዕቃ በአማካይ 310 ብር ነው። አዲስ ዴስክ ፕሮፎርማ ላይ 5,800 ብር ነበር። ማባዛቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። ዴስክ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ቢኖር አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ውሉ ላይ «የእግሩ ታች ይደፈን» የሚል መስመር ይጨመር።

ነሐሴ 19

ሽንት ቤት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሕንፃው አዲስ ነው፤ ከተሠራ ስድስት ዓመት አይሆነውም። ለሴቶች 7፣ ለወንዶች 7። የተበላሸ ብዙ ነገር አይታይም። ለዚህ ነው ዕቅዳችን ላይ ቧንቧና ቀለም ብቻ የያዝነው። ልጄን ጠየቅኳት። «አባዬ፣ እኛ እዚያ አንሄድም» አለችኝ። ለምን? «በሩ አይዘጋም።» ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? «ቤት እስክንሄድ እንይዛለን። ትልልቆቹ ደግሞ እነዚያን ቀናት ይቀራሉ።»

ሄጄ አየሁ። ከ14ቱ በር መቀርቀሪያ ያለው ሁለት ብቻ ነው። የቀሩት ተነቅለዋል። የተገጠሙት በአጭር ብሎን ስስ ላሜራ ላይ ነበር። አንድ መቀርቀሪያ 120 ብር ነው። 14ቱንም ቀየርን፤ 1,680 ብር። በብሎን ሳይሆን በብየዳ። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ማስወገጃ በርሜልና የውሃ ቧንቧ አስገባን። ውሃው ከሮቶው ነው።

በዚህ ክረምት ይህን የሚያህል ትንሽ ብር የወጣበት ሌላ ሥራ የለም። የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራም አልሠራንም። መላው ኮሚቴ፣ እኔን ጨምሮ፣ አንዲት ሴት ተማሪ ሳንጠይቅ ዕቅድ ጽፈን ነበር። ከአሁን በኋላ የጥገና ዕቅድ ሲወጣ ከሴቶች ክበብ ሁለት ተማሪ ከኛ ጋር ግቢውን ይዞራሉ። ርዕሰ መምህርቷ ቃለ ጉባዔ ላይ አስፍረውታል።

ነሐሴ 28

ቀለሙ ተላጠ። ምዝገባ ስለደረሰ ልስኑ በ10 ቀኑ ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። ልስን በደረቅ ወቅት እንኳ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ይበልጥ። ቀቢው ነግሮን ነበር፤ «ወላጆች ሲመጡ ይታያል» ብለን አጣደፍነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። የጀርባውን ግድግዳ ፍቀን ትተነዋል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ይቀባል። ለዳግም ቀለም 9,800 ብር።

ጳጉሜን 4

ኮርኒስ የለንም። ችፑድ ለመግዛት ብር የለም። ያለ ኮርኒስ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ክፍል ውስጥ መምህሩ አይሰማም፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። እናቶች ማዳበሪያ ሰፍተው የማዳበሪያ ኮርኒስ ወጠሩልን። ሁለት ክፍል በሁለት ቀን። ድምፁን በመጠኑ ይቀንሳል። እሳት ስለሚወድ መብራቱን ከኮርኒሱ 30 ሳንቲ አውርደን ነው ያሰርነው። ጊዜያዊ ነው።

ሒሳብ። ከወላጅ የተሰበሰበው 74,300 ብር፣ የወጣው 56,980፣ የቀረው 17,320። ከውስጥ ገቢ 60,000 ውስጥ 57,100 ወጥቷል። ደረሰኙ ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። አንድ ወላጅ መጥተው እያንዳንዱን አነበቡ። ከዚያ 500 ብር ጨመሩ።

መስከረም 13፣ 2018

ልጆቹ ገብተዋል። ክፍል 9 ዛሬ 48 ነው። ትናንት ከሰዓት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ መምህሯ ማስተማር አላቋረጡም። የጂፕሰሟ ማኅተም አልተሰነጠቀችም።

በቀረው 17,320 ብር የጥገና ሣጥን አቋቋምን። ውስጡ ጎማ ያለው ሚስማር፣ 6 ቆርቆሮ፣ መቀርቀሪያ፣ ሲሊኮን፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ አለ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔና የጥበቃው አባባ መሰላል ይዘን ሁሉንም ብሎክ እናያለን። የምናየው በአንድ ደብተር ይጻፋል።

ክፍል 11 ላይ አራት የላላ ሚስማር አግኝተናል። ዛሬውኑ መታናቸው።

ርዕሰ መምህርቷና እኔ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍን። የምንጠይቀው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው፤ «ጥገና» የሚል የራሱ መስመር፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በየሩብ ዓመቱ የሚለቀቅ፣ ሰኔ ላይ የማይጠራቀም። የ2013ቱን ደብዳቤ ኮፒ አያይዘናል። የበሰበሰውን ማገር ፎቶም። የ51ዱን ዴስክ ሒሳብም። በእጄ ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ። የገቢ ቁጥሩን ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ጥቅምት 15 ተመልሼ እጠይቃለሁ።